ቫስኩላይተስና ክሊኒካዊ ሙከራ፦ ጥናት ፈልጎ ማግኘትና መሳተፍ

ቫስኩላይተስ የደም ሥር ግድግዳ የሚቆጣባቸው በሽታዎች የጋራ መጠሪያ ነው። የተቆጣው ግድግዳ ሲያብጥ የደሙ መተላለፊያ ይጠባል ወይም ይዘጋል፤ አንዳንዴም ግድግዳው ሳስቶ ይለጠጣል። ታካያሱ የሚባለው ዓይነት ከልብ የሚነሱትን ትልልቅ የደም ቧንቧዎች ያጠቃል። በምህጻር ጂፒኤ የሚባለው ደግሞ የአፍንጫን፣ የሳንባንና የኩላሊትን ጥቃቅን ሥሮች ይይዛል። አብዛኞቹ ዓይነቶች እምብዛም የማይታዩ በመሆናቸው ብዙ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው የሚያጋጥማቸው ታማሚ በጣት የሚቆጠር ነው። ክሊኒካዊ ሙከራ፣ ማለትም መድኃኒትን በታማሚዎች ላይ መፈተሽ፣ የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ ታማሚዎቹ አንድ ቦታ አይገኙም።

በ2010 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ሬቭ የተባለ ጥናት ያሳተፈው 197 ሰዎችን ብቻ ነበር። ሪቱክሲማብ የተባለውን መድኃኒት ለአሥርተ ዓመታት ሲሰጥ ከኖረው ሳይክሎፎስፋማይድ ከሚባል መድኃኒት ጋር አነጻጸረ። ከስድስት ወር በኋላ ያለ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣን የሚያበርደው መድኃኒት ሳያስፈልጋቸው፣ በሽታቸው ጋብ ያለላቸው በሪቱክሲማብ በኩል 64 በመቶ፣ በሌላው በኩል 53 በመቶ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሪቱክሲማብን ለጂፒኤና ለቅርብ ዘመዱ ኤምፒኤ ፈቀደ። ሁለት መቶ የማይሞሉ ሰዎች ከእነሱ በኋላ ለመጣው ታማሚ ሁሉ የሕክምናውን አካሄድ ቀየሩ ማለት ነው።

ፔክሲቫስ የተባለው ጥናት ግን 704 ተሳታፊ ለማግኘት በ16 አገሮች መመዝገብ ነበረበት። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የታማሚውን ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) አውጥቶ መተካት ከሞትና ከኩላሊት መድከም ያድናል ወይ? የስቴሮይዱን መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ቢቀንሱትስ ይሠራል ወይ? በ2020 የወጣው ውጤት ፕላዝማ መተካቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አሳየ። የስቴሮይዱ ነገር ግን የምሥራች ነበር፤ አነስተኛው መጠን ከብዙው አልከፋም፣ ከባድ ኢንፌክሽንም ቀነሰ። ፊቱ ያበጠ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ አጥንቱ የሳሳ የስቴሮይድ ተጠቃሚ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ጥናት ፍለጋ የሚጀምረው ከበሽታው ትክክለኛ ስም ነው። «ቫስኩላይተስ» ብሎ መፈለግ የማይመለከቱ ብዙ ጥናቶችን ያመጣል፤ ዓይነቱን ከነሙሉ ስሙ ከሐኪም ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይሻላል። የቀድሞ ስምም ይጠቅማል። ጂፒኤ እስከ 2011 ድረስ የቬግነር በሽታ ይባል ስለነበር የቆዩ ጥናቶች በዚያ ስም ተመዝግበዋል፤ ኢጂፒኤ የተባለው ሌላ ዓይነት ደግሞ ቸርግ-ስትራውስ ይባል ነበር። ትልቁ የጥናቶች መዝገብ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ሲሆን የሌሎች አገሮችን ጥናቶችም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የበርካታ አገሮችን መዝገቦች በአንድ ላይ ለመፈለግ የሚያስችል መድረክ አለው፤ የአውሮፓ ኅብረትና የአፍሪካም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው።

መዝገቡ ሲከፈት መጀመሪያ መታየት ያለበት የጥናቱ ሁኔታ ነው፤ ተሳታፊ በመቀበል ላይ ነው፣ ገና ነው ወይስ ተዘግቷል? ቀጥሎ ማን ሊሳተፍ እንደሚችልና ማን እንደማይችል የሚዘረዝረው ክፍል ይነበባል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጥናት አዲስ የታመመ ሰው ብቻ ይፈልጋል፤ ሌላው በሽታው ያገረሸበትን። ስቴሮይድ ከተጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚሠራ፣ እርግዝና መኖሩ ይጠየቃል። ስለዚህ ጉዳዩን ለሐኪም ማንሳት የሚሻለው በሽታው እንደታወቀ ወይም እንዳገረሸ ነው፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ በሩ ሊዘጋ ይችላል። ይህ ሲባል ግን ጥናት እየጠበቁ አስቸኳይ ሕክምና ማዘግየት ፈጽሞ አይገባም፤ ኩላሊት ወይም ዓይን በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

በመዝገብ ላይ መገኘቱ ብቻ ጥናቱ ተመርምሮ ተመስክሮለታል ማለት አይደለም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጸደቀው መሆኑን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ለሚሞከረው መድኃኒት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለም ቆም ብሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

የስምምነት ቅጹ ብዙ ገጽ ያለው ሰነድ ነው። እዚያው ተቀምጦ መፈረም ግዴታ አይደለም፤ ቤት ወስዶ ከቤተሰብ ጋር ማንበብ፣ ያልገባውን እያሰመሩ መመለስ ይቻላል። ከፊርማው በኋላ የማጣሪያ ምርመራ ይከተላል፦ ደም በበርካታ ብልቃጥ ይቀዳል፣ ሽንት ይታያል፣ ሐኪሙ ከቆዳ እስከ ነርቭ ምልክቶችን እያነሳ የበሽታውን ንቁነት በነጥብ ይመዘግባል። ማጣሪያውን ያለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሚነጻጸሩት ቡድኖች ወደ አንዱ በዕጣ ይመደባል።

ብዙዎችን የሚያስፈራው ማስመሰያው፣ ማለትም መድኃኒት መስሎ የሚሰጠው ግን መድኃኒት የሌለበት ፕላሴቦ ነው። ፍርሃቱ ተገቢ ቢሆንም፣ በእነዚህ በሽታዎች ማስመሰያ ማለት ብዙውን ጊዜ ያለ ሕክምና መቅረት አይደለም። በ2017 ውጤቱ የታተመው ጂያክታ የተባለ ጥናት 251 የጃየንት ሴል አርተራይተስ (በተለይ የራስን ደም ሥሮች የሚያጠቃ የቫስኩላይተስ ዓይነት) ታማሚዎችን ሲያሳትፍ፣ የሚሞከረው መድኃኒት ቶሲሊዙማብ ያልደረሳቸውም ቢሆኑ ፕሬድኒሶን የተባለውን ስቴሮይድ ይወስዱ ነበር። ልዩነቱ ግን ሰፊ ሆነ፤ በዓመቱ መጨረሻ በሽታቸው ጋብ እንዳለ የቆየላቸው መድኃኒቱን በየሳምንቱ በወሰዱት ዘንድ 56 በመቶ ሲሆኑ፣ ከማስመሰያው ቡድኖች በአንዱ 14፣ በሌላው 18 በመቶ ነበሩ።

ርቀት ወይም መስፈርት ያገደው ሰው በምልከታ ጥናት፣ ማለትም አዲስ መድኃኒት ሳይሞክር የበሽታውን ሂደት በሚከታተል ጥናት፣ መሳተፍ ይችላል። በ2003 የተቋቋመው ቫስኩላይተስ ክሊኒካል ሪሰርች ኮንሰርቲየም የተባለው የተመራማሪዎች ኅብረት ታማሚዎች ስማቸውን የሚያስመዘግቡበትና ስለ አዳዲስ ጥናቶች መልእክት የሚደርሳቸው መዝገብ አለው።

በሙከራ የተመዘገበ ሰው ምክንያት ሳያቀርብ መውጣት ይችላል፤ መደበኛ ሕክምናውም በዚህ ምክንያት አይነካም። መድኃኒቱን በድንገት ከማቆም በፊት ግን ለጥናቱ ሐኪም መንገር ያስፈልጋል፤ በተለይ ስቴሮይድ በአንዴ ሲቋረጥ አደገኛ ነው። ከፊርማው በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄም አለ፦ መድኃኒቱ ከጠቀመኝና ጥናቱ ካለቀ ከዚያ በኋላ ከየት አገኘዋለሁ? በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ መልሱ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት እንዲዘጋጅና ለተሳታፊው እንዲነገር ያዛል። ቅጹ ላይ ከሌለ ተጽፎ እንዲሰጥ መጠየቅ የተሳታፊው መብት ነው።