ባለቅኔና ሠዓሊ በጣና ዳር

በጣና ዳር ገጣሚና ሠዓሊ የሚተዋወቁት ከጥንትም ቆሎ ትምህርት ቤት ነው። አኩፋዳ አንግተው አብረው የሚለምኑ፣ በአንድ ጎጆ የሚያድሩ ተማሪዎች ናቸው። ጎጃም እንደሆነ የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ እያሉ መጥራት ይቻላል። ከቅኔው ጎን ቁም ጽሕፈትና ሥዕል በእጅ ሙያነት ይለመዳሉ። አንዱ ቅኔ ሲቆጥር ሌላው ብራና ይፍቃል። ሁለቱንም የያዘም አይጠፋም፤ ጠልሰም፣ ማለትም የክታብ ሥዕል፣ የሚሠራ ደብተራ ጸሎቱንም ሥዕሉንም የሚያወጣው ራሱ ነው።

የክብ ቤተ ክርስቲያን አሠራርም ያቀራርባቸዋል። ውጪኛው ዙር ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ማኅሌት የሚቆመው እዚያ ነው። ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀል ላይ መቅደስ። ሥዕሉ በብዛት ያለው መቅደሱን በከበበው ግድግዳ ላይ፣ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ነው። ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ዐይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም።

ከሥዕሎቹ አንዱ በላዔ ሰብእ ነው፤ ያ 78 ሰው የበላው። ታሪኩ የሚያልቀው ሚዛን ላይ ነው። በአንድ ወገን የበላቸው ነፍሳት፣ በሌላው ለተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም የሰጣት ጥርኝ ውኃ። ጥርኟ ሚዛን ትደፋለች። ባለቅኔ ይህን ቢያገኝ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጨርሰዋል፤ ሚዛኑን ሰም፣ ምሕረቱን ወርቅ አድርጎ። ሠዓሊውም ያንን ሁሉ ታሪክ አንድ ዕቃ፣ ሚዛኑ ላይ አሳርፎታል። ማን ከማን እንደወሰደ እኔ እንጃ።

መልክእ በሚባለው የውዳሴ ግጥም ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ገጣሚው ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እየወረደ፣ እያንዳንዱን አካል «ሰላም ለ» እያለ ቅዱሱን በቃል ይሥላል። ሠዓሊውም ፊት ላይ ሕግ አለው፤ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣልና አንድ ዐይን ይቀረዋል።

ደጋፊም አላጡም። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል፤ ሠዓሊውም እሳቸውን ከማርያም እግር ሥር ወድቀው ሥሏቸዋል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ዝምድናው አዲስ አበባም ላይ ታየ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ራሱ ሠዓሊም ገጣሚም ነበር። ገጣሚው ሰሎሞን ደሬሳ የእሱም የሠዓሊው የእስክንድር ቦጎሲያንም ወዳጅ ሲሆን ስለ ሥራዎቻቸው ጽፏል። እስክንድር ከጠልሰም ብዙ ወስዷል። መነሻው ጣና ነው ለማለት አልደፍርም፤ እነዚያ የክታብ ዐይኖች ግን ለዚህ አገር ሰው እንግዳ አይደሉም።

ሥዕሉን ማየት የፈለገ ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ይሻገራል። ዑራ ሴቶችም ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ቅኔውን መስማት የፈለገ ደግሞ ለንግሥ፣ ማለትም ለየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ ሌሊት ተነሥቶ ይድረስ። ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ያመለጠው አመለጠው ነው።