አየር ላይ አቅጣጫ መሳትና ክሊራንስ መጠየቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የግል አብራሪዎች ሲገናኙ ስለ አውሮፕላን ብዙ ይጫወታሉ። አቅጣጫ ስለ መሳት ወይም አየር ላይ ሆኖ ክሊራንስ፣ ማለትም የተቆጣጣሪ የበረራ ፈቃድ፣ ስለ መጠየቅ ሲነሳ ግን ጨዋታው ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉ የኖሩ የተሳሳቱ እምነቶችም ሳይነኩ ይቀራሉ። አብዛኞቹ የሚያመጡት ጣጣ ተመሳሳይ ነው፤ አብራሪው ራዲዮ ላይ መናገር ባለበት ሰዓት ዝም ያሰኙታል።

ከመጀመሬ በፊት ሁለት ነገር ላስታውስ። ቪኤፍአር ውጭውን በዓይን እያዩ፣ ከደመና እየራቁ የሚበሩበት ሥርዓት ነው። አይኤፍአር ደግሞ በመሣሪያ የሚበሩበት ነው። ለዚህኛው አብራሪው ተጨማሪ የመሣሪያ በረራ ብቃት ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥጥር ባለበት አየር ክልልም ከአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ክሊራንስ ያስፈልገዋል።

«አቅጣጫ የሚስተው ጀማሪ ነው»

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1989 የብራዚሉ ቫሪግ አየር መንገድ በረራ 254 ከማራባ ወደ ቤሌም ተነሳ። የበረራ ዕቅዱ ላይ አቅጣጫው 0270 ተብሎ ታትሟል። 27.0 ዲግሪ ለማለት ነው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነበለ ሰሜን። ካፒቴኑ ግን 270 ብሎ አነበበው፤ ይህ ቀጥታ ወደ ምዕራብ ነው። ረዳት አብራሪውም ያንኑ ቁጥር ሞላ። ሰዓቱ አመሻሽ ነበርና ልትጠልቅ የደረሰችው ፀሐይ ከፊት ለፊታቸው ሆነች። ወደ ቤሌም እየሄዱ ቢሆን ኖሮ በግራ በኩል መታየት ነበረባት። በመጨረሻ ነዳጅ አልቆ አውሮፕላኑ አማዞን ደን ውስጥ ወደቀ። ከ54 ሰዎች 12ቱ ሞቱ። ሁለቱም የአየር መንገድ አብራሪዎች ነበሩ። ልምድ ቁጥር አሳስቶ ከማንበብ አያድንም። የሚያድነው የሞሉትን ቁጥር ውጭ ከሚታየው ነገር ጋር ማመሳከር ነው፤ ፀሐይዋ የት ነች? ወንዙ በየት በኩል ነው? ባለፉት 10 ደቂቃዎች ማየት የነበረብንን መንገድ አይተናል?

«ሁለት ሦስት ዲግሪ ምንም አይደለም»

1 ዲግሪ ስህተት ከ60 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) በኋላ 1 ኖቲካል ማይል ያህል ከመስመር ያስወጣል። ብዙ የትናንሽ አውሮፕላኖች የጋይሮ አቅጣጫ አመልካች (በሚሽከረከር ጎማ የሚሠራ አቅጣጫ ጠቋሚ) ቀስ እያለ የመሸሽ ጠባይ አለው። ለዚህ ነው በየ15 ደቂቃው፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ሲበር፣ ከኮምፓሱ ጋር ማስተካከል የሚመከረው። ሳይስተካከል ቀርቶ 10 ዲግሪ ከሸሸ፣ ከ60 ማይል በኋላ 10 ማይል፣ ማለትም 18 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስታችኋል ማለት ነው። ታይነቱ 8 ኪሎ ሜትር በሆነበት ቀን የምትፈልጉትን ከተማ ጭራሽ አታዩትም።

«ጂፒኤስ እያለ ማን ይጠፋል?»

መሣሪያ የሚሄደው የታዘዘበት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1995 ወደ ካሊ፣ ኮሎምቢያ ይበር የነበረው የአሜሪካን አየር መንገድ በረራ 965 አብራሪዎች ሮዞ የተባለውን የራዲዮ ጣቢያ ፈልገው ኮምፒውተሩ ላይ «አር» የሚለውን ፊደል አስገቡ። ኮምፒውተሩ የወሰደው በቦጎታ አቅራቢያ ያለውን ሮሜዮን ነበር። አውሮፕላኑ ወደዚያው ዞረ፤ ተራራ ላይ ተከስክሶም 159 ሰዎች ሞቱ።

በትንሽ አውሮፕላን የተለመደው ስህተት ደግሞ የአቅጣጫ መሣሪያው መርፌ ጂፒኤሱን እየተከተለ ሳለ ቪኦአሩን (መሬት ላይ ያለውን የአቅጣጫ ራዲዮ ጣቢያ) የሚከተል መስሎን መሄድ ነው። አዲስ ነጥብ ባስገባችሁ ቁጥር የሚያሳየውን አቅጣጫና ርቀት ከወረቀት ዕቅዳችሁ ጋር አስተያዩ። 5 ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

«ጠፍቻለሁ ካልኩ ፈቃዴን ይነጥቁኛል»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ሰው ቅጣት ፈርቶ ነዳጁን ይጨርሳል፤ ወይም ሳያውቅ የተከለከለ አየር ክልል ውስጥ ገብቶ የፈራውን ቅጣት ራሱ ይጠራዋል። ተቆጣጣሪው አብራሪን ለመክሰስ አይደለም የተቀመጠው። የጠፋን አውሮፕላን በራዳር አይቶ ማቅናት ከሥራው አንዱ ነው። በአሜሪካ ከ1976 ጀምሮ ናሳ የሚያስተዳድረው ምስጢር ጠባቂ የሪፖርት ሥርዓትም አለ። ሆን ተብሎ ያልተፈጸመን ስህተት በ10 ቀን ውስጥ ያመለከተ አብራሪ፣ መስፈርቱን ካሟላ፣ ጥፋት ቢገኝበት እንኳ ከቅጣት ሊድን ይችላል።

ስትጠፉ የአየሩ ሁኔታ ከፈቀደ ከፍታ ጨምሩ፤ ራዲዮውም ራዳሩም የተሻለ ያገኛችኋል። ነዳጅ በሚቆጥብ ፍጥነት ብረሩ። ከዚያ የምታነጋግሩት ተቆጣጣሪ ካለ ለእሱ፣ ከሌለ በድንገተኛ አደጋ መስመሩ በ121.5 ሜጋኸርዝ ተናገሩ። ነገሩ ከከፋ ትራንስፖንደሩን (አውሮፕላኑን ለራዳር በኮድ የሚያሳውቀውን መሣሪያ) የድንገተኛ አደጋ ኮድ በሆነው 7700 ላይ አድርጉ። ያማረ አነጋገር አያስፈልግም። «ያለሁበትን ቦታ አላውቅም፤ ነዳጄ ለ1 ሰዓት ይበቃኛል፤ እርዳታ እፈልጋለሁ» በቂ ነው።

«አይኤፍአር ክሊራንስ የሚጠየቀው መሬት ላይ ብቻ ነው»

ብቃቱ ላለው አብራሪ በብዙ አገር አየር ላይም ይጠየቃል። መጥሪያችሁን፣ ያላችሁበትን ቦታና ከፍታ፣ የአውሮፕላኑን ዓይነትና መሣሪያ፣ መድረሻችሁን ትናገራላችሁ። ተቆጣጣሪው ሥራ ከበዛበት ሊያስጠብቃችሁ ወይም መጀመሪያ የበረራ ዕቅድ አስገቡ ሊላችሁ ይችላል። እስከዚያ ግን በቪኤፍአር መቆየት ግድ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ደመናው ገና ፊት ለፊት ሩቅ ሳለ ነው። ደመናው አጠገባችሁ ከደረሰ በኋላ ፈቃድ ለመጠበቅ ጊዜ አይኖርም።

«ኮድ ከሰጠኝ ፈቀደልኝ ማለት ነው»

አይደለም። ይህ ስህተት ጥሩ አብራሪዎችን ጭምር ያሳስታል። ተቆጣጣሪው የትራንስፖንደር ኮድ ሰጠ፣ ቀጥሎ «ራዳር ኮንታክት» አለ። አብራሪው ተፈቀደልኝ ብሎ ደመና ውስጥ ይገባል። እስካሁን የሆነው ግን ተቆጣጣሪው ስክሪኑ ላይ ለይቶ አየው፣ በቃ። ክሊራንስ የሚባለው «ክሊርድ ቱ» (እስከዚህ ተፈቅዶልሃል) ብሎ የመድረሻውን ስም ሲጠራ፣ መንገዱንና ከፍታውን ሲነግራችሁ ነው። እናንተም መልሳችሁ ታነቡለታላችሁ። ከተጠራጠራችሁ «አይኤፍአር ተፈቅዶልኛል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

ዝቅ ብላችሁ ከሆነ ደግሞ እስከ ዝቅተኛው የአይኤፍአር ከፍታ ድረስ ከመሬትና ከመሰናክል ራሳችሁን ጠብቃችሁ መውጣት ትችሉ እንደሆነ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ይሉኝታ ይዟችሁ አዎ እንዳትሉ። አዎ ካላችሁ ተራራውን የመጠበቁ ኃላፊነት የእናንተ ነው።

«ብቃቱ ስለሌለኝ ደመና ውስጥ ብገባ መናገር አልችልም»

ብቃት ለሌለው መደበኛ ክሊራንስ አይጠየቅም፤ ይህ እውነት ነው። የሚታወጀው ድንገተኛ አደጋ ነው፤ ያንን ማንም አብራሪ ማወጅ ይችላል። በ1954 የወጣው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመሣሪያ በረራ ልምድ የሌላቸውን 20 ሰዎች ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን እንዳያዩ አድርጎ ፈተነ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ በ178 ሰከንድ። ይህ ቁጥር እየተደጋገመ ይነገራል፤ ቀሪው የጥናቱ ክፍል ግን ይረሳል። ለእነዚሁ ሰዎች በመሣሪያ ተመርቶ ወደ ኋላ የመዞር ሥልጠና ሲሰጣቸው ሙከራዎቹ ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ተሳክተዋል። በሰከንድ 3 ዲግሪ ሲዞር ሙሉው መመለሻ 1 ደቂቃ ነው። ከአስተማሪ ጋር ደጋግማችሁ ተለማመዱት። ስትዞሩም ዓይናችሁን መሣሪያው ላይ ትከሉ፤ ጆሯችሁ ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት ይዋሻችኋል።

«ብቃቱን አንዴ ካገኘሁ አበቃ»

በአሜሪካ ደንብ ባለፉት 6 ወራት 6 የመሣሪያ አቀራረቦችን (በመሣሪያ ተመርቶ ወደ ማረፊያ መቅረብን)፣ ሆልዲንግን (በአንድ ቦታ እየዞሩ መጠበቅን) እና መስመር ይዞ መከተልን ያልሠራ አብራሪ ወረቀቱ ቢኖረውም አይኤፍአር መብረር አይችልም። የሌሎች አገሮች ደንብ ይለያያልና የራሳችሁን አገር ደንብ እዩ። ተቆጣጣሪው ክሊራንሱን ሲሰጥ ይህን መዝገብ አያይም፤ የሚያውቀው አብራሪው ብቻ ነው።