«ሽማግሌ ሲሞት ቤተ መጻሕፍት ይቃጠላል» ያለው ማን ነው?

በቅርቡ ቀብር ላይ ነበርኩ። የሟቹ የሕይወት ታሪክ ተነበበና መጨረሻው ላይ አንባቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጥንታውያን አፍሪካውያን እንደሚሉት፣ አንድ ሽማግሌ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ይቃጠላል» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን ከነከነኝ። ይህ አባባል በየሐዘኑ ቤት፣ በየፌስቡኩ፣ በየምረቃው ንግግር ይነገራል። ሁልጊዜም ባለቤት እንደሌለው ጥንታዊ ተረት ነው የሚወራው።

ባለቤትማ አለው። የማሊው ተወላጅ፣ ደራሲውና የቃል ትውፊት ሰብሳቢው አማዱ ሐምፓቴ ባ ናቸው። ዘመኑም ሩቅ አይደለም፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1960 ነው። ማሊ ነጻ በወጣችበት በዚያው ዓመት በዩኔስኮ ጉባኤ ላይ ፓሪስ ውስጥ ተናገሩ። የእያንዳንዱን የቃል ትውፊት አዋቂ ሞት ማንም ገና ያልነካው የባህል ሀብት እንደ መቃጠል እቆጥረዋለሁ አሉ። የተናገሩት በፈረንሳይኛ ነው። ዛሬ በየአፉ ያለው አጭሩ አባባል ከዚያ ወዲህ እየተሞረደ የመጣ ነው።

እሳቸው ያሉት ስለ ሽማግሌ ሁሉ አልነበረም። በባምባራ ቋንቋ «ዶማ» የሚባሉ ሰዎች አሉ፤ አዋቂዎች እንደ ማለት ነው። ዶማ የዘር ሐረግ ይቆጥራል፣ የዕፀዋትን ፈውስ ያውቃል፣ የአገር ታሪክ ይተርካል። መዋሸት ለእሱ ነውር ብቻ ሳይሆን እርም ነው። አንዴ ከዋሸ ቃሉ አይታመንም፤ ሥራውም እዚያው ያበቃል። ትረካ ሲጀምርም ነገሩን ከማን እንደሰማው፣ ያም ሰው ከማን እንደሰማው ይዘረዝራል። «ጄሊ» የሚባሉት አዝማሪዎች ግን ነገር ማሳመር ይፈቀድላቸዋል። አድማጩ ሁለቱን ለይቶ ያውቃል።

ትምህርቱ የሚሰጠው ሥራ ላይ ነው። ሸማኔው መወርወሪያውን ከማንሳቱ በፊት የሸማ ዕቃውን እያንዳንዱን ክፍል በእጁ ይነካል። ሲነካም ለዚያ ክፍል የተሰጠውን ቃል ይናገራል። እግሩ መርገጫውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ያ ምት ራሱ ትርጉም አለው። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል፣ ይሰማል። ደብተር የለም፤ የሚጽፍም የለም። እንዲህ ያለው ሸማኔ ልጅ ሳያስተምር ከሞተ፣ የሸማ ዕቃው እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል እንጂ ቃሉን የሚያውቅለት አይገኝም።

ማታ ማታ ደግሞ ግቢ ውስጥ ወግ አለ። አማዱ ማሊ ውስጥ ባንዲያጋራ በምትባል ከተማ ሲያድጉ እንጀራ አባታቸው ቤት ኩሌል የሚባል ታላቅ ተራኪ ነበር። ልጁ ከእግሩ ስር አይጠፋም። የሰማውን በማግስቱ ለጓደኞቹ ቃል በቃል ይደግመዋል። ከዚህ የተነሳ «አምኩሌል» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ የኩሌል አማዱ ማለት ነው። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል። አንድ ልጅ በሰማው ተረት ስም ሲወጣለት ያስቀናል።

ታዲያ ይህ ልጅ ፈረንሳይኛን ከየት አመጣው? በግዴታ። ፈረንሳዮች በ1855 ሴኔጋል ውስጥ ሴን ሉዊ ላይ ትምህርት ቤት ከፍተው ስሙን ያለ ምንም ሐፍረት «የታጋቾች ትምህርት ቤት» አሉት። የባላባት ልጆች እየተወሰዱ እዚያ ይማራሉ፤ አባቶቻቸው ደግሞ በልጆቻቸው ምክንያት አርፈው ይቀመጣሉ። በ1912 ግዴታው ባንዲያጋራ ላይ አማዱን አገኘ። የቁርኣን ተማሪ ነበሩ። እናታቸው ልጄን ላስለቅቅ ብለው ተነሱ። መምህራቸው ቲየርኖ ቦካር ግን ይማር ብለው መከሩ። በ1924 ደግሞ በፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ መምህራን ከተማሪ ጋር በአገሬው ቋንቋ እንዳይናገሩ የሚከለክል ደንብ ወጣ። በየትምህርት ቤቱ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ «ሲምቦል» የሚሉት ነገር ይንጠለጠልበት ነበር። ሌላ ልጅ ሲናገር ይዞ እስኪያስተላልፍለት አይወልቅለትም። ልጅን በልጅ ላይ ሰላይ ማድረግ ነው። እዚያው ፈረንሳይ ውስጥ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የብረቶን ሕዝብ ልጆችም ይኸው ደርሶባቸዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ320 ሚሊዮን በላይ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አለ ሲባል፣ አብዛኛው አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። እኛ አገር ቋንቋው በባቡሩና በሊሴ ትምህርት ቤት በኩል ነው የገባው፤ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ነገር አልነበረም።

አሁን ስለ አባባሉ መነሻ የራሴን ግምት ልናገር። ብዙ ማስረጃ የለኝም፣ ግን ከልቤ አምንበታለሁ።

እሳቸው ለምን የሚቃጠል «የባህል ሀብት» አሉ? ጎተራ ማለት ይችሉ ነበር፤ ጎተራ ሲቃጠል ለማሊ ገበሬ ከዚህ የበለጠ መዓት የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተጀመረው ማሊ ውስጥ፣ ሴጉ ከተማ ላይ ነው። በ1890 የፈረንሳዩ መኮንን አርሺናር ሴጉን ሲይዝ ያን አገር በጦር የያዘውን የእስልምና መሪ የኤል ሐጅ ዑመርን ቤተሰብ የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት ሰብስቦ ወደ ፈረንሳይ አስጫነ። በመቶዎች የሚቆጠሩት ጥራዞች እስከ ዛሬ ፓሪስ፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ኤል ሐጅ ዑመር ደግሞ በ1864 የሞተው ባንዲያጋራ አጠገብ፣ ደገምበሬ ዋሻ ውስጥ፣ ባሩድ ፈንድቶ ነው። አማዱ የዚያው አገር ልጅ ናቸው። ታላቅ ሰው፣ እሳትና መጻሕፍት አንድ ላይ የሚነሱበትን ታሪክ ሲሰሙ ነው ያደጉት። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ቆመው ስለሚቃጠል የባህል ሀብት ሲናገሩ፣ የተጻፈውን ወስዳችሁታል፤ የቀረን በሰው ውስጥ ያለው ነው እያሉ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። በዚያው 1960 ዩኔስኮ የኑቢያን ሐውልቶች ከአስዋን ግድብ ውኃ ለማዳን ዓለምን ገንዘብ እየለመነ ነበር። ድንጋይ ለማዳን ይህን ያህል ከተሯሯጣችሁ፣ በእግሩ የሚሄደውን ሐውልትስ? ንግግሩን እንዲህ ስሰማው ልመናና ክስ አንድ ላይ ሆኖ ይታየኛል።

የአብነት ትምህርት ቤትን ደጃፍ የረገጠ ሰው ይህ አይከብደውም። የቅኔ መምህር ለማኅሌት የዘረፈውን ቅኔ ሰው ካልያዘለት በዚያው ይቀራል። መምህሩ ሲያርፍ የጉባኤው ዜማና ትርጓሜ የሚተርፈው ተማሪው የያዘውን ያህል ነው።

አማዱ ሐምፓቴ ባ ተናግረው ዝም አላሉም። በ1966 የአፍሪካ ቋንቋዎች አንድ ወጥ አጻጻፍ እንዲኖራቸው በተደረገው ሥራ ተካፍለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአዛውንት አፍ ሲሰበስቡ ኖረው በ1991 አቢጃን ላይ አረፉ። ማሊም በ2023 ሕገ መንግሥቷ 13 ብሔራዊ ቋንቋዎችን ይፋዊ አድርጋ ፈረንሳይኛን ወደ ሥራ ቋንቋነት አውርዳዋለች።

እኛ ግን አባባሉን የሐዘን ማሳመሪያ አደረግነው። ሰውዬው በሕይወት እያሉ አንድ ቀን አጠገባቸው ቁጭ ብለን ሳንጠይቃቸው፣ ስልካችን ድምፅ መቅዳት እየቻለ ሳንቀዳቸው፣ አፈር ሲመለስባቸው «ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ» እንላለን። ንግግሩ የተደረገው አዛውንቶቹ ገና በሕይወት ሳሉ ቃላቸው እንዲሰበሰብ ነው። በሐዘን ካርድ ላይ የምትጽፉትም እባካችሁ «የአፍሪካ ምሳሌ» አትበሉ፤ አማዱ ሐምፓቴ ባ ብላችሁ ስማቸውን ጻፉበት።