የትምህርት ቤት አውቶቡሶች የኤሌክትሪክ ሽቦ ጉድለትና የጥገና ጥሪ በአሜሪካ

በአሜሪካ አንድ የተሽከርካሪ ሞዴል ለደህንነት አስጊ የሆነ የፋብሪካ ጉድለት ሲገኝበት፣ ጉድለቱ ያለባቸው ሁሉ በአምራቹ ወጪ እንዲጠገኑ ይጠራሉ። የአሠራሩ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ነው። ተማሪ ለሚያመላልሱት ቢጫ አውቶቡሶች ከሚወጡት ጥሪዎች መካከል የኤሌክትሪክ ሽቦን የሚመለከቱት በተለይ ሊጤኑ ይገባል፤ ጉድለቱ ተሸፍኖ የሚቆይ፣ ሲገለጥ ግን ጊዜ የማይሰጥ ነውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ቦታ ነው። ሽቦ በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ከስለት የሚከላከለው የጎማ ቀለበት ከሌለ ወይም ማሰሪያው ከላላ፣ የሞተሩ ንዝረት ልባሱን ቀን በቀን እየፋቀ መዳቡን ያወጣዋል። የተራቆተው መዳብ አካሉን ሲነካ ሾርት ያደርጋል። መስመሩ ፊውዝ ካለው ፊውዙ ይቃጠልና ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ከባትሪ ወደ ሞተሪኖ (ሞተሩን ወደሚያስነሳው መሣሪያ) የሚሄደው ወፍራም ገመድ ግን በብዙ ተሽከርካሪዎች ላይ ፊውዝ ስለሌለው፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር አልፎበት ልባሱ እስኪነድ ድረስ ይግላል። ከዚህም የሚብሰው የላላ ወይም በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ በሚበተን ጨው የዛገ ማያያዣ ነው፦ የኤሌክትሪኩ መጠን ከልክ ስላላለፈ ፊውዙ ዝም ይላል፣ ማያያዣው ግን ይግላል።

የሽቦ ጉድለት ሁሉ እሳት አያስከትልም። ተማሪ ሲወርድና ሲሳፈር ሌሎች መኪኖችን የሚያስቆሙት ቀይ መብራቶች ካልበሩ ወይም በጎን የሚዘረጋው የማቆሚያ ምልክት ካልሠራ፣ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን ከለላውን ያጣል።

የውስጥ ዕቃዎች በሙከራ ወቅት በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ እንዳይነዱ መስፈርት ቢኖርም፣ ከሞተር ክፍል የተነሣ ትልቅ እሳትን አይመክትም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በአዮዋ ግዛት ኦክላንድ አቅራቢያ የተነሣው ቃጠሎ መነሻው ሽቦ ሳይሆን የሞተሩ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል) ነበር፤ ሹፌሩና አንዲት ተማሪ ሕይወታቸውን አጥተዋል። የአደጋ መርማሪው ቦርድም በሞተር ክፍል ውስጥ እሳት ማጥፊያ እንዲገጠም አሳሰበ።

አምራቹ ጉድለቱ የደህንነት ጉዳይ መሆኑን ከወሰነ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለአስተዳደሩ ያሳውቃል፣ ለባለንብረቶችም በ60 ቀናት ውስጥ ደብዳቤ ይልካል። መለዋወጫው ካልደረሰ ጊዜያዊ ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ የቃጠሎ ስጋት ካለ አውቶቡሱ ከሕንጻ ርቆ ከቤት ውጭ እንዲቆም ሊመከር ይችላል። ነጻ ጥገና የማግኘት መብቱ ከመጀመሪያው ሽያጭ አንስቶ 15 ዓመት ይዘልቃል።

ደካማው ጎን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ደብዳቤው የሚደርሰው ባለንብረት ሆኖ ለተመዘገበው የትምህርት ወረዳ ወይም የትራንስፖርት ተቋራጭ እንጂ ለወላጅ አይደለም፤ የፌደራሉ ሕግም አምራቹ እንዲጠግን እንጂ የአውቶቡሱ ባለቤት እንዲያስጠግን አያስገድድም። ያገለገለ አውቶቡስ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ደግሞ ደብዳቤው በአሮጌ አድራሻ ሊቀር ይችላል። ከልጆች ሕይወት ጋር የተያያዘ ጥገና በባለቤቱ ትጋት ላይ ብቻ መንጠልጠሉ ተገቢ አይመስልም።

ስለዚህ የሹፌሩ የጠዋት ፍተሻ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ያለ ምክንያት የሚደበዝዝ መብራት፣ ተደጋግሞ የሚቃጠል ፊውዝ አውቶቡሱን ለማቆም በቂ ምክንያቶች ናቸው፤ በተቃጠለው ፊውዝ ምትክ ከፍ ያለ አምፔር ያለው መግጠም ግን ሽቦውን ራሱን ፊውዝ ማድረግ ነው። ሹፌርም ሆነ ወላጅ ያስተዋለውን ችግር በቀጥታ ለአስተዳደሩ ማመልከት ይችላል፤ ከተለያየ ቦታ የሚመጡ ተመሳሳይ አቤቱታዎችም ምርመራ የሚከፈትበት አንዱ መንገድ ናቸው።