«8 ጊጋ ግራፊክስ» ምንድን ነው?

በቅርቡ አንድ ወጣት ለጌም ብሎ የገዛውን ላፕቶፕ «ጨዋታው ይንቀረፈፋል» በማለት የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። የተሸጠለት «16 ጊጋ ራም፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ» ተብሎ ነው። ሻጩም ለማስረጃ ዲኤክስዲያግ የሚባለውን የዊንዶውስ መመርመሪያ ፕሮግራም ከፍቶ፣ «አፕሮክስ ቶታል ሜሞሪ» ከሚለው ጎን የተጻፈውን ስምንት ሺህ ገደማ ሜጋባይት በጣቱ አሳይቶታል። ጣቱን አንድ መስመር ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ «ዲስፕሌይ ሜሞሪ» 128 ሜጋባይት መሆኑን፣ የተቀረው በሙሉ ደግሞ «ሼርድ ሜሞሪ» እንደሆነ ያነቡ ነበር። ማሽኑ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ያለው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው የኢንቴል ግራፊክስ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ይህ ግራፊክስ በቸገረው ጊዜ ከራሙ እስከ ግማሽ ያህሉን እንዲበደር ስለሚፈቅድለት ቁጥሩ ስምንት ሆነ። ራሙ 32 ቢደረግ በዚሁ ስሌት «16 ጊጋ ግራፊክስ» ተብሎ ሊቸበቸብ ነው።

ይህን ሳስረዳ አብሮት የመጣው ጓደኛው «ጋሼ፣ ስምንት ጊጋ ከየትም ይምጣ፣ ያው ስምንት ጊጋ ነው» አለኝ። ይህን አባባል በተለያየ አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ቪራም ግራፊክስ ካርዱ የሚሠራባቸውን ምስሎችና ቅርጾች የሚያቆይበት፣ ከቺፑ አጠገብ የተበየደ የራሱ ማህደረ ትውስታ ነው እንጂ የካርዱ ጉልበት መለኪያ አይደለም። እንጀራ በሚጋገርበት ቤት ብናስበው ቺፑ ምጣዱ፣ ቪራሙ ደግሞ ቡሃቃው ነው። ቡሃቃው የቱንም ያህል ቢሰፋ አንድ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው አንድ እንጀራ ነው፤ ቡሃቃው ከጠበበ ግን ምጣዱ እንደጋለ ሊጥ ይጠብቃል። ሼርድ ሜሞሪ ማለት እንግዲህ የራስ ቡሃቃ ሳይኖር ከአከራይ ማጀት በጭልፋ እየቀዱ መመላለስ ነው፤ ያውም አከራዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ከዚያው ቡሃቃ እየቀዳ። የማመላለሱ ፍጥነት በቁጥር ሲታይ፣ 3200 የሚባለው ዲዲአር4 ራም በሁለት ቻናል (ጎን ለጎን በሚሠሩ ሁለት መስመሮች) ቢበዛ በሰከንድ 51.2 ጊጋባይት ያቀብላል፤ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ የሆነው የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4060 ከራሱ ቪራም የሚያገኘው 256 ነው።

እውነተኛ ካርድ ባላቸው ማሽኖችም ቢሆን ጊጋው ብቻውን ያሳስታል። በዴስክቶፕ በኩል አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ፣ 3060 ቲአይ ደግሞ ባለ 8 ጊጋ ሆነው ሳለ በአብዛኛው ጨዋታ የሚቀድመው ባለ 8ቱ ነው፤ ምጣዱ ይበልጣልና። በላፕቶፕ 4060ም 4070ም እኩል 8 ጊጋ አላቸው፤ ኩዳ ኮራቸው (በቺፑ ውስጥ ስሌቱን የሚሠሩት ጥቃቅን ክፍሎች ብዛት) ግን 3072 እና 4608 ነው።

በላፕቶፕ ላይ ሻጮች ፈጽሞ የማያነሱት ሌላ ነገር አለ፤ ዋት። የኤሌክትሪክ ምጣድ የመብራት ኃይል ሲወርድ እንደማይግል ሁሉ፣ ካርዱም አምራቹ በመደበለት ኃይል ልክ ነው የሚሠራው። የላፕቶፑ 4060 ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መካከል ሊመደብለት ስለሚችል፣ በስስ ላፕቶፕ ውስጥ ዋቱ የታነቀ 4070 ሙሉ ዋት ባገኘ 4060 ሊበለጥ ይችላል። ቲጂፒ የሚባለው ይኸው የዋት ቁጥር ነው። መብራት ጠፍቶ በባትሪ የሚጫወት ሰው ደግሞ ሙሉውን ዋት ብዙውን ጊዜ አያገኘውም።

ጊጋው ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስል። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም ትልልቅ ትዕይንት ለሚሠራ ወይም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል በራሱ ማሽን ለሚያስኬድ ሰው የቡሃቃው ስፋት ከምጣዱ ሊቀድም ይችላል፤ ከቪራሙ በላይ የሆነ ሥራ አንዳንዴ ጭራሹንም አይጀምርም። ቪራም እንደ ራም ገዝተው የሚጨምሩት ነገር ስላልሆነ (በየሳምንቱ ይህን የሚጠይቀኝ አላጣም) በግዢ ቀን ያልታሰበ ጊጋ በኋላ አይመጣም። ስለዚህ ሻጩ «ስንት ጊጋ» ሳይጠየቅ በፊት የካርዱን ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ ዋቱን እንዲናገር ይደረግ፤ በታስክ ማናጀር ፐርፎርማንስ ገጽ ላይም ጂፒዩ (የግራፊክስ ቺፑ) የሚለውን ከፍቶ «ዴዲኬትድ» የሚለውን፣ ማለትም የራሱን ማህደረ ትውስታ የሚያሳየውን መስመር ማየት ይበቃል።

የወጣቱን ላፕቶፕ ስፈታው 16 ጊጋው በአንድ እንጨት (በአንድ የራም ቁራጭ) ብቻ ተሰክቶ አገኘሁት፤ ይህም አንዱን ቻናል ብቻ ስለሚያሠራ ከላይ የጠቀስኩትን 51.2 በግማሽ ይቀንሰዋል። ፈቃዱን ጠይቄ ባለ 8 ጊጋ በሆኑ ሁለት እንጨቶች ለወጥኩለት፤ የእግር ኳስ ጨዋታውም የምስል ጥራቱ ዝቅ ተደርጎ ሳይቆራረጥ ሄደ። ዲኤክስዲያግ ግን አሁንም ያንኑ ስምንት ሺህ ገደማ ይላል።