"ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ"፡ ከአያቴ ምድጃ በላይ የተቀመጠችው አሞሌ

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ነው። ሥራ ከጀመረች ገና ሦስት ወር ያልሞላት ልጅ እጇን አውጥታ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሠራው ትርፍ ሰዓት ለምን እንደማይከፈል ጠየቀች፣ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀችው። አለቃችን ፈገግ አለና "የኔ እህት፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል ይላል ያገራችን ሰው" አላት። ሰዉ ሳቀ፣ እሷም ተቀመጠች። እኔን ግን ይኸው እስከዛሬ ይከነክነኛል። ቲክቶክ ላይም ይሄንኑ አባባል "አትነታረክ፣ ሰው ደስ አሰኝና ኑር" ለማለት የሚያወሩበት ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። እኔ ደግሞ ይሄ አባባል እንዲህ ሲደረግ ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም ጨው ድንጋይ ነው ብሎ መጣል ምን እንደሆነ በእጄ ሠርቼዋለሁ።

ያደግኩት ጅማ አካባቢ ነው። የአያቴ አባት ጎጃም ባሶ ተነስቶ ዓባይን እየተሻገረ የሚነግድ ሲራራ ነጋዴ ነበር፣ በኋላ ሄርማታ የሚባለው የጅማ ገበያ አጠገብ አግብቶ እዛው ቀረ። አያቴ ቤት ከምድጃው በላይ ቆጥ ነበረ፣ ለዘር የሚሆን በቆሎ እዛ ይሰቀላል፣ ጢሱ ነቀዝ አያስጠጋማ። ስድስት ሰባት ዓመቴ ቢሆነኝ ነው፣ ጦጣ በቆሎ ውስጥ ገብቶ ሲያወድም አየሁና የሚወረወር ነገር ፍለጋ ቆጡ ላይ ስንጠራራ አንድ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ መሀሉን በልጥ የታሰረ ድንጋይ አገኘሁ፣ ይዤ ወጣሁና ባለኝ ኃይል ወረወርኩት። ጦጣውን ሳተውና አጥሩ ሥር ያለ ግንድ ላይ አርፎ ለሁለት ተሰበረ። ውስጡ ነጭ ነው። እንደ ጥርስ ነጭ።

አያቴ አልመታችኝም። ሁለቱን ስባሪ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና አንዱን ወደ አፌ አስጠግታ "ላስ" አለችኝ። ላስኩ። "ቀምሰህ ነው የወረወርከው?" አለችኝ። አልቀመስኩም። "እንግዲያ ድንጋይ መሆኑን ማን ነገረህ?"

የአባቷ አሞሌ ነበረች። ከሥራው የመጨረሻዋን አስቀርቶ፣ እሷም ከሱ ተቀብላ ስንት ክረምት ጢስ ላይ ያኖረቻት። ጨው ክረምት ላይ ያለቅሳል፣ እርጥበት ይስብና ይሟሟል፣ ስለዚህ ሰው ሁሉ አሞሌውን ከእሳት በላይ ነበር የሚያስቀምጠው፣ ጢሱ ግን ያጠቁረዋል። ልጡ ደግሞ እንዳይሰበር ነው፣ የተሰበረ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል፣ ገንዘብ ነዋ! ጠገራ ብር ለትልቁ ግዢ ነው፣ ዶሮም ቅቤም ለመግዛት ዝርዝሩ አሞሌ ነበር።

አሁን ይቺ አሞሌ ከየት እንደመጣች አስቡት። አፋር ምድር፣ አሳሌ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ፣ በዛ ሙቀት ጨዉን ከመሬት ፈንቅለው ይጠርቡታል፣ አርሆ የሚባሉት የጨው ሲራራዎች በግመልና በበቅሎ ጭነው ወደ ትግራይ ደጋ ያወጡት ነበር። ከዛ ጎንደር፣ ከጎንደር ባሶ፣ ከባሶ ዓባይን ተሻግሮ ጊቤ። ቀጥታ ቢለካ እንኳ ከአሳሌ ጅማ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው፣ አጋሰስ ግን ቀጥታ አይሄድም። በየኬላው ቀረጥ አለ፣ በየገበያው ባለቤት ይቀያይራል። በ1520 እ.ኤ.አ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ ገንዘብ መሆኑን፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም እየተወደደ እንደሚሄድ ጽፏል። ከሱ 1000 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ የአክሱም ሰዎች በሬና ጨው ብረትም ይዘው ሳሱ ወደሚባል አገር ወርደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፎ ነበር። የቆየ ነገር ነው።

የእኛን አገር የሠራው ይሄ መንገድ ነው። መጀመሪያ እነናርያ የሚባለው መንግሥት ነበረ፣ ሰዎቹ የካፋዎቹ ዘመድ ናቸው፣ ከዛ ኦሮሞዎቹ ከብታቸውን ይዘው መጥተው ሰፈሩ፣ አብረውም ተጋቡ፣ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ተነሱ፤ ሊሙ እነናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ጅማ። ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ ከሰሜን ጨዉን ይዘው ይመጡና ለነሱ በተሰጣቸው መንደራ ይሰፍራሉ፣ ጨርቅና ጨው ብቻ አይደለም ያመጡት፣ እስልምናውም በነሱ በኩል ነው የተስፋፋው። በሊሙው ንጉሥ በአባ ባጊቦ ዘመን ትልቁ ገበያ የሊሙው ሰቃ ነበር፣ በኋላ በዳግማዊ አባ ጅፋር ጊዜ ሄርማታ በለጠ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሰው የሚጎርፍበት። ቡናው፣ ኮረሪማው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ ይወጣል፣ አሞሌ ይገባል። ዛሬም ጅማ ላይ ሄርማታና መንደራ የሰፈር ስም ናቸው፣ ስንቱ እዛው ተወልዶ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ያረጃል።

ደግሞ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ በዛው ገበያ ሰውም ተሽጧል። ከካፋ፣ ከየም፣ ከዳውሮ የተጋዘ ሰው በአሞሌና በብር ተለውጧል። አያቴ ስለ አባቷ ሁሉን ስታወራ እዚህ ላይ ስትደርስ ዝም ትል ነበር፣ እኔም ያንን ዝምታ አሁን ነው የገባኝ።

ወደ አባባሉ ስመለስ፣ እኔ የተወለደው እኛው ጋ ነው ብዬ ነው የማምነው። ሰው ሲስቅብኝም ኖሯል ግን አልለቀውም። ለምን? አፋር ላይ ጨውን ከድንጋይ የሚያምታታ ማን አለ፣ መሬቱ ሁሉ ጨው ነው። መቀሌም ከግመል ሲወርድ ያዩታል፣ ንጹሕ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ስንት ጭቃ፣ ስንት ላብ፣ ስንት ጢስ ጠጥቷል። በዚያ ላይ እኛ ጋ ለከብት የሚሰጥ ቦሌ የሚባል ጨዋማ አፈር አለ፣ ሆራ የሚባል ጨዋማ ውኃም አለ፣ ከብት ይነዳበታል። ስለዚህ የጊቤ ገበሬ ጨው የሚመስል ድንጋይና ድንጋይ የሚመስል ጨው ሁለቱም በደጁ ነበሩ፣ አሞሌ ሲቀርብለት ይልሰው ነበር እንጂ በዓይኑ አይቶ አይገዛም። ያ ነጋዴ ዓባይ ሞልቶ ክረምቱን ሙሉ ባሶ ሲጠብቅ ከርሞ፣ የጠቆረ ጨዉን ይዞ ሄርማታ ሲደርስ ገዢው ምላሱን ሲያወጣ እያየ፣ ለጨው እንዲህ ብሎ ሲለምን ይታየኛል፤ እባክህ ለኔ ብለህ ሳይሆን ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ እኔማ ሌላ እጭናለሁ፣ አንተን ግን እዚሁ ይጥሉሃል።

እና "ጣፍጥ" ማለት ተለሳለስ ማለት ከየት መጣ? ጨው ምላስ ላይ ያቃጥላል እኮ፣ ቁስል ላይማ አይነሳ። ጨው መሆኑ የሚታወቀው በዛው ነው። ሥራህን እወቅ፣ ያለህን አውጣ፣ ነው ነገሩ፣ ለአለቃ አጎንብስ የሚል የለበትም። ልጅ ሲሰንፍ እናት ትለዋለች፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይለዋል፣ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ደመወዝ ለጠየቀችው ልጅ ሲለው ግን ነውር ነው።

ያቺ ልጅ በሦስት ወር ውስጥ የሁለት ዓመት የተዘበራረቀ የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ አስተካክላ፣ 40 ገጽ ሪፖርት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለታለች። ትናንት ቢሮው ገብቼ አየሁት፣ ስቴፕለሩ እንኳ አልተፈታም፣ ቡና ብርጭቆ ተቀምጦበታል።