«እጃችሁን አውጡ» ያልኩ ቀን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንዴት ሰነበታችሁ ወንድሞች እህቶች። ዛሬ ትንሽ ይረዝማል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ እንኳን ረዘመ።

ሰንበት ትምህርት ቤት የሃይስኩል ልጆቹን ሥነ ፍጥረት እያስተማርኩ ነበር። እሑድ የተፈጠሩትን ስምንቱን ቆጠርን፣ ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት አዳረስን፣ በአርምሞ በነቢብ በገቢር (በዝምታ፣ በቃል፣ በሥራ መፍጠር) የሚለውንም አየን፣ ከዛ ልጆቹ ማዛጋት ጀመሩ (ከቅዳሴ በኋላ ስለሆነ ርቧቸዋል፣ አልፈርድባቸውም)። ላነቃቃቸው ብዬ «በኢቮሉሽን፣ ፍጥረት በረጅም ዘመን እየተለወጠ መጣ በሚለው፣ የሚያምን እጁን ያውጣ» አልኩ። አንድ እጅ የለም። «እግዚአብሔር ፈጠረን የሚልስ?» ሁሉም አወጣ፣ አንዳንዱ እንደውም ሁለት እጁን። እኔም ደስ ብሎኝ ጎበዞች ብዬ በጸሎት ዘጋሁ።

ስወጣ አንዷ በር ላይ ጠበቀችኝ፣ 12ኛ ክፍል ናት። «መምህር፣ እርስዎ ፊት ቆመው እያዩ ማን እጁን ያወጣል ብለው ነው?» አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ለመዳፈር አልነበረም። እኔ ግን እስከ አራት ኪሎ ድረስ በእግሬ ስወርድ ያችን ነገር እያኘክኳት ነው የሄድኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ብጣሽ ወረቀት አደልኩና ስም አይጻፍ፣ የሚሰማችሁን ጻፉ አልኩ። ስንቱ ምን አለ የሚለውን አልነግራችሁም፣ ልጆቹን ቁጥር ማድረግ አልፈልግም። ግን ከተጻፈው ጥቂቱን ላካፍላችሁ። «ሁለቱንም አምናለሁ፣ ኃጢአት ነው?» የሚል ነበር። «ድንቅነሽ ከአዳም በፊት ናት ወይስ በኋላ?» የሚል ነበር። አንዱ ደግሞ «የባዮሎጂ ቲቸራችንን በጣም እወዳታለሁ፣ ይሄን ስላስተማረች ትኮነናለች?» ብሎ ጽፏል። ይሄኛው ወረቀት አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ለካ እንዲህ ዓይነት ነገር የሚገጥመኝ እኔን ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠና ፒው የሚባል ተቋም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ይሄንኑ ጉዳይ በሁለት መንገድ ጠየቀ። ለአንዱ ቡድን መጀመሪያ «ሰው በዘመናት ውስጥ እየተለወጠ መጣ ወይስ ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር?» ብሎ፣ ተለውጧል ላሉት ብቻ ስለ እግዚአብሔር ቀጥሎ ጠየቀ፣ በዚህ መንገድ 31 ከመቶው ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነው አለ። ለሌላው ቡድን ግን ሦስቱንም መልስ ባንዴ ዘረገፈለት፣ «ተለውጧል፣ ግን እግዚአብሔር እየመራው» የሚለው ከመነሻው ዓይኑ ስር ነበር፣ እና ቁጥሩ ወደ 18 ወረደ። በሰዎቹ እምነት መሐል ልዩነት የለም፣ ልዩነቱ አጠያየቁ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ በመጀመሪያው አጠያየቅ ብዙ አማኝ «ተለውጧል ካልኩ እግዚአብሔርን የካድኩ ይመስልብኛል» ብሎ ፈርቷል፣ ልክ እንደኔ ልጆች።

ጋሉፕ የሚባለው ደግሞ ከ1982 ጀምሮ አሜሪካኖችን ይሄንኑ ሲጠይቅ ኖሯል። ያኔ 44 ከመቶው እግዚአብሔር ሰውን ባለፉት አሥር ሺህ ዓመታት ውስጥ አሁን ባለበት መልክ ፈጠረው ሲል፣ 38ቱ በእግዚአብሔር መሪነት እየተለወጠ መጣ፣ 9ኙ ደግሞ እግዚአብሔር የለበትም አለ። በ2024 እነዚህ ቁጥሮች 37፣ 34 እና 24 ሆነዋል። ይሄንን ይዞ አንዱ «አየህ አሁንም እኛ እንበዛለን» ይላል፣ ሌላው «እያለቃችሁ ነው» ይላል። እኔ ሁለቱም አይገባኝም። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ሃምሳ ዓመት ስትጾምና ስትሰግድ ከመቶ ስንት እንደሆነች ጠይቃ አታውቅም።

እስቲ ማቴዎስ 16ን ግለጡ። ጌታ በፊልጶስ ቂሣርያ አካባቢ ደቀ መዛሙርቱን «ሰዎች የሰውን ልጅ ማን ይሉታል?» ብሎ ጠየቃቸው። የሕዝብ አስተያየት በሉት። መልሱንም አመጡለት፣ አንዳንዱ መጥምቁ ዮሐንስ፣ ሌላው ኤልያስ፣ ሌላው ኤርምያስ ወይም ከነቢያት አንዱ። የትኛው በዛ አላላቸውም። የኤልያሱን ቡድን ከኤርምያሱ ቡድን አላከራከረም። «እናንተስ?» ነው ያለው። ጴጥሮስም የመለሰው የጎረቤቱን ድምጽ ቆጥሮ አልነበረም፣ «ሥጋና ደም አልገለጠልህም» የተባለውም ለዚህ ነው። እኔ ያን ቀን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ በቅጡ ሳልጠይቅ ሁለተኛውን የመለሱልኝ መስሎኝ አጨበጨብኩ።

ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ የምትቀየሙኝ ካላችሁ ይቅርታ። ይሄ «ወይ ፍጥረት ወይ ሳይንስ፣ ምረጥ» የሚለው ጠብ አብዛኛው የተውሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ቴነሲ ውስጥ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጆን ስኮፕስ የሚባል አስተማሪ ኢቮሉሽን አስተማርክ ተብሎ ተከሰሰ፣ 100 ዶላር ተቀጣ፣ አገሩ በሙሉ በሬዲዮና በጋዜጣ ተከታተለው። የነሱ ጠብ የራሱ ታሪክ አለው። እኛ ያንን ሳናውቅ ቪዲዮውን አውርደን፣ የነሱን መልስ የነሱን ስድብ ሸምድደን፣ አባቶቻችን ያወረሱንን ሳንከፍት እንከራከራለን። ለምሳሌ የዓመቱን ቁጥር እዩ። እኛ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ባለው 5500 ላይ ለምሳሌ 2018 ዓ.ም.ን ደምረን 7518 እንላለን፣ ለአራት አካፍለን ሁለት ይተርፋል፣ ዘመነ ማርቆስ። አሜሪካኖቹ የሚጣሉበት ቁጥር ግን አየርላንዳዊው ጳጳስ አሸር ያሰላው፣ ዓለም የተፈጠረው 4004 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው የሚለው ነው። ልዩነቱ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ነው፣ በዋናነትም የሚመጣው የዕብራይስጡና የሰባ ሊቃናቱ (የግሪኩ ትርጉም) መጽሐፍ የአበውን ዕድሜ በተለያየ ቁጥር ስለሚጽፉ ነው። በዚህ ምክንያት የተኮነነ ሰው አልሰማሁም።

አሁን ወደ ድንቅነሽ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት የምናያት ቅጂዋን ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎበታል። አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው እሑድ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት የሚገባበት ቀን ነው እኮ! (የዛን ዋዜማ ሌሊት ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ደርግ ስልሳዎቹን የገደለበት ነው፣ ምን ዓይነት ሳምንት እንደነበር አስቡት።) ሳይንቲስቶቹ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይሏታል፣ ከአጽሟ 40 ከመቶ ያህሉ ተገኝቷል፣ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት፣ እኛ ድንቅነሽ አልናት፣ እና ይሄን ስም ስሰማ ሁሌ መዝሙረኛው ነው የሚመጣብኝ፦ «ግሩምና ድንቅ ሆኜ ተፈጥሬአለሁና አመሰግንሃለሁ።»

ለልጁ ጥያቄ፣ ከአዳም በፊት ናት በኋላ ለሚለው፣ በአንድ ቃል የምመልሰው የለኝም፣ አለኝ ብል መዋሸት ነው። መጽሐፉ የአጥንት ዕድሜ ሊያስተምረን አልተጻፈም፣ አጥንቱም ማን እፍ እንዳለበት አይናገርም። እኔ እግዚአብሔር ሰውን እንደፈጠረ አምናለሁ፣ በዚህ አልደራደርም። ግን «እኔ ከዝንጀሮ አልመጣሁም!» ብለው ደረታቸውን የሚነፉትን ስሰማ ይገርመኛል። አንደኛ፣ ሳይንሱም ከዛሬዋ ዝንጀሮ መጣችሁ አይልም፣ የጋራ ቅድመ አያት ነው የሚለው፣ የሰውን ቃል አጣሞ መመለስ ደግሞ በሐሰት መመስከር ነው። ሁለተኛ፣ መጽሐፋችን ከምን ተፈጠርክ ይልሃል? ከአፈር! ዝንጀሮ እኮ ቢያንስ ነፍስ አላት። ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት ከውሃ ከነፋስ ከእሳት ነው ሥጋችን የተበጀው፣ በዚህ ከጭቃውም ከእንስሳውም ጋር ዘመዳሞች ነን፣ በዚህ የሚኮራ ካለ ይኩራ። ክብራችን «በመልካችን እንደ ምሳሌአችን» ከሚለውና እፍ ከተባለብን ከዛች እስትንፋስ ነው። ሌላውን ፍጥረት በአርምሞና በነቢብ፣ ሰውን ግን በገቢር፣ በእጁ አበጀው ብለው አባቶች ያስተማሩን ይሄን ነው። የሥጋ ዘመዳችንን ስም በመካድ ክብር አይጨመርልንም።

ለቲቸሯ ጥያቄ ደግሞ ለራሱ ለልጁ መመለስ ብፈልግም ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። አትኮነንም የኔ ልጅ፣ ለማንም ፍርድ መስጠት የኛ ሥራ አይደለም። ያስተማረችህን በደንብ አጥና፣ ፈተናህን በደንብ ሥራ፣ ያልገባህን እሷንም ጠይቃት እኔንም ጠይቀኝ። ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ሲል «በየዋህነትና በፍርሃት» ብሎ ነው የጨረሰው፣ እኛ መልሱን ይዘን የዋህነቱን እንረሳለን።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን ይዘን ሙዚየም እንሄዳለን። ኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶልናል፣ በእግራችን ነው። ወላጆች ዳቦ ቢጤ ቋጥሩላቸው፣ የሚችል የመግቢያ ያግዝ። ወረቀትና እስክሪብቶ እኔ አመጣለሁ፣ አሁንም ስም አይጻፍም።